አሮጌ ኮርሳ ላይ ሰፊ ጎማ መግጠም፦ ጅማ ውስጥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኮርሳ ብስክሌቴን ይዤ ስቆም የሚያየኝ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይጠይቀኝ ነበር። «ይሄ ቀጭን ጎማ የጅማን መንገድ እንዴት ቻለው?» አልቻለውም። ለዚህ ነው የቀየርኩት። ከዚያ ወዲህ ደግሞ አሮጌ ኮርሳ ያላቸው ልጆች በየተራ እየመጡ ስለሚጠይቁኝ፣ ሁልጊዜ ቡና ላይ ያንኑ መልስ ከማነበንብ እዚህ ልጻፈው አልኩ። መካኒክ አይደለሁም። ሁለት ጎማና አንድ ቸርኬ አበላሽቼ የተማርኩ ሰው ነኝ።

አሮጌ ኮርሳ የምለው በፈረንጆቹ 1970ዎቹ፣ 80ዎቹና 90ዎቹ የተሰራውን፣ መሪው ወደ ታች የታጠፈውን፣ ፍሬኑ ቸርኬውን ከሁለት ጎን የሚቆነጥጠውን ነው። ዲስክ ፍሬን ያለው አዲስ ብስክሌት ካላችሁ ከዚህ ጽሁፍ ብዙም አታተርፉም።

ሰፊ ጎማ ምን ይጠቅመኛል? ኮርሳ እኮ በቀጭኑ ነው የሚያምረው

ማማሩን አልክድም። ግን 23 ሚሊሜትር ጎማ 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው ለመሸከም 100 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ንፋስ ይፈልጋል። በጣም ካነሰ፣ ድንጋይ ሲመታ ጎማው እስከ ቸርኬው ይጨፈለቅና የውስጡን ጎማ ቆንጥጦ ይበሳዋል። ስትፈቱት ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ታገኛላችሁ፣ እባብ የነደፈው ይመስላል። 100 ከነፋችሁት ደግሞ ቶሎ አይበሳም፤ የሰፈር ኮብልስቶን ላይ ስትወጡ ግን ጥርሳችሁ ይንገጫገጫል፣ እጃችሁ ይደነዝዛል፣ ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ ሳይቀር ብሎኑ የሚፈታ ይመስላችኋል።

ሰፊ ጎማ ብዙ አየር ስለሚይዝ ያንኑ ክብደት ባነሰ ንፋስ ይሸከማል። ትንንሹን ጠጠር ይውጠዋል። «ፍጥነት ይቀንሳል» የሚሏችሁን አትስሙ። ቱር ደ ፍራንስ ላይ የሚወዳደሩት ራሳቸው ለዓመታት 23 ሲገጥሙ ኖረው አሁን አብዛኞቹ 28 እና ከዚያ በላይ ላይ ናቸው። ድርቅ ያለ ጎማ ሻካራ መንገድ ላይ ይነጥራል። በነጠረ ቁጥር ጉልበታችሁ ወደፊት መግፋቱ ይቀርና እናንተንና ብስክሌቱን ወደ ላይ ለማንሳት ይውላል። ወደ አጋሮ በሚወስደው አስፋልት 45 ኪሎ ሜትር ገደማ ነድታችሁ ስትደርሱ ልዩነቱን ወገባችሁ ይነግራችኋል።

ጎማው ላይ የተጻፉት ቁጥሮች ምንድን ናቸው?

እዚህ ላይ ቆም በሉ። ብር የሚባክነው እዚህ ነው።

ጎማው ጎን ላይ ሁለት አይነት ቁጥር አለ። አንደኛው ትልቁ ነው፦ 700×28፣ 27×1¼፣ 28×1½ የሚሉት። ሁለተኛው ትንሽ ነው፣ አንዳንዴ ቀለም የለውም፣ ጣት እያስኬዳችሁ ነው የምታገኙት፦ 28-622፣ 32-630፣ 40-635። ትልቁን እርሱት። ትንሹን እመኑ። የመጀመሪያው አሃዝ የጎማው ወርድ በሚሊሜትር ነው። ሁለተኛው ጎማው ቸርኬው ላይ የሚቀመጥበት ክብ ከዳር እስከ ዳር ስንት ሚሊሜትር እንደሆነ ይናገራል። ወርዱን መቀየር ትችላላችሁ፣ ሁለተኛውን አሃዝ ግን ቸርኬው ካልተቀየረ በፍጹም።

አሮጌ ኮርሳ ላይ የምታገኙት ወይ 622 ነው (700 የሚባለው) ወይ 630 (27 ኢንች የሚባለው)። ልዩነታቸው 8 ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ በአይን አይለይም። አይገጣጠሙም ግን።

ትልቁ ጣጣ «28» የሚለው ቁጥር ነው። አንዳንዱ 28 ሲል የጎማውን ወርድ ማለቱ ነው፣ 28 ሚሊሜትር። ሌላው 28 ኢንች ማለቱ ነው። ያ ጥቁሩ፣ ከባዱ፣ ኋላው ላይ ጆንያ የሚጫንበት የድሮ ብስክሌት ጎማው 28×1½ ነው፣ ማለትም 635። እኔ ሱቅ ገብቼ «28 ጎማ አላችሁ?» አልኩ። «ሞልቷል» ተባልኩ። ትንሹን ቁጥር ሳላይ ከፍዬ ወጣሁ። ቤት ወስጄ ስገጥመው በእጄ ገፋ ሳደርገው ስልክክ ብሎ ገባ። ማንሻ እንኳ አላስፈለገኝም፣ ደስ አለኝ። ያኔ ነበር መጠርጠር የነበረብኝ። መንፋት ስጀምር ጎማው በአንድ በኩል ከቸርኬው ወጣ፣ የውስጡ ጎማ እንደ ፊኛ ተነፋ፣ ፓምፑን ሳልለቅ ድው! አጥር ማዶ ቡና የምትቆላው ጎረቤቴ «የኔ ልጅ፣ ምን ፈነዳ?» እያለች ማንኪያዋን ይዛ ወጣች። 13 ሚሊሜትር ነው የፈነዳው። 635 ጎማ 622 ቸርኬ ላይ።

ስለዚህ ሱቅ ስትገቡ «28 ስጠኝ» አትበሉ። አሮጌውን ጎማ ይዛችሁ ሂዱ፣ ወይም ትንሹን ቁጥር ፎቶ አንስታችሁ አሳዩ። ከአዲስ አበባ በሚመጣ ሰው የምታስልኩ ከሆነ ደግሞ ፎቶው ግድ ነው። ሰውዬው ጎማ ተሸክሞ ሌሊቱን በአውቶቡስ መጥቶ «አይሆንም» ማለት ያሳፍራል።

የእኔ ብስክሌት እስከ ስንት ይይዛል?

ከእኔ ይልቅ ብስክሌቱን ጠይቁት። ፎቶ ልካችሁ «ይገባል?» ለምትሉኝ መልሴ አንድ ነው፦ ለኩ።

ጎማው ከየትኛውም የብስክሌቱ አካል ቢያንስ 4 ሚሊሜትር መራቅ አለበት። ማስመሪያ እዚያ ጠባብ ቦታ ውስጥ አይገባም። የ4 ሚሊሜትር ኤለን ቁልፍ ግን ይገባል። ያቺ ባለ ስድስት ጎኗ፣ ኤል ቅርጽ ያላት ቁልፍ ናት። ጎማው ተነፍቶ እንዳለ ቁልፏን በጎማውና በብረቱ መካከል አስገቡ። ሳትነካ ካለፈች ደህና ነው። ከተያዘች እዚያ ቦታ ላይ ገደባችሁ አልፏል።

የት የት? ከፊት ሹካው ሁለት እግሮች ውስጠኛ ጎን። ከሹካው አናት ስር፣ ጎማው ጫፍ የሚያልፍበት። ከፊትና ከኋላ ፍሬን ሆድ ስር። ከኋላ ደግሞ ከፔዳሉ አካባቢ ወደ ኋላ ከሚሄዱት ሁለት ቱቦዎች መካከል፣ በተለይ ቱቦዎቹን የምታገናኘዋ ትንሽ ብረት ዘንድ። ሰው የሚረሳው ይህችን የመጨረሻዋን ነው። እኔም ረስቻት ነበር። ፊቱ ጥሩ ስለሆነ ኋላውም ጥሩ ነው ብዬ፣ ሁለት ሳምንት ቆይቶ ቱቦው ላይ ቀለሙ ተልጦ ብረቱ ሲያብረቀርቅ ነው ያየሁት።

ስሌቱ እንዲህ ነው። አሁን 23 ገጥማችሁ በሁለቱም ጎን 7 ሚሊሜትር ክፍት ቦታ ካለ፣ 28 ስትገጥሙ ወርዱ በ5 ይጨምራል፣ በአንድ ጎን 2.5 ማለት ነው። 4.5 ይተርፋል። ይገባል። ቁመቱ ግን ለሁለት አይካፈልም። ጎማው ወደ ላይም ወደ 5 ሚሊሜትር ያድጋል። ለዚህ ነው ከጎን ሰፊ የሆነ ሹካ አናቱ ላይ ጎማውን የሚይዘው።

አንድ ነገር ደግሞ፣ 28 የተባለ ጎማ ሁልጊዜ 28 አይደለም። ሰፊ ቸርኬ ላይ 30 ሊሆን ይችላል፣ ጠባብ ላይ 27 ሊሆን ይችላል። ከጓደኛ ላይ ጎማ ተውሳችሁ መሞከር ከቻላችሁ ከሁሉም እሱ ይሻላል።

በግምት ካላችሁኝ ግን፣ ለውድድር የተሰራ የ80ዎቹና የ90ዎቹ ኮርሳ 25 ይይዛል፣ አንዳንዶቹ 28 ይይዛሉ፣ 32 የሚይዘው ጥቂት ነው። ከዚያ በፊት ለጉዞ የተሰሩት ቦታቸው ለጋስ ነው።

4 ሚሊሜትር ለጅማ ጭቃ ይበቃል?

አይበቃም። ጥሩ ጥያቄ ነው።

4 ሚሊሜትር ለአስፋልት ነው። የእኛን ቀይ አፈር ታውቁታላችሁ። ዝናቡ ገና ከክረምቱ በፊት ይጀምራል፣ መስከረምን አልፎም ይዘንባል። ከአስፋልቱ ወጥታችሁ የሰፈር መንገድ ውስጥ ስትገቡ ጭቃው ጎማው ላይ ይጠቀለላል፣ ፍሬኑ ሆድ ስር ይሰበሰባል፣ ጠጠርም ይዞ ይመጣል። መጀመሪያ ሽርር የሚል ድምጽ ትሰማላችሁ። ከዚያ ጎማው ቀጥ ይላል። አንድ ጊዜ እንጨት ለቅሜ ጭቃውን እየቆፈርኩ ብስክሌቱን ተሸክሜ ቤቴ ገብቻለሁ፣ ባጃጁ ሁሉ ጥሩምባ እየነፋልኝ።

ከአስፋልት የምትወጡ ከሆነ 6 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ተዉ። ይሄ ማለት አንዳንዴ 28 የሚይዝ ፍሬም ላይ 25 መግጠም ነው። ጎማ ሻጩ ይስቅባችኋል፣ ይሳቅ። ፓራፋንጎ (የጭቃ መከላከያ) የምትገጥሙም እንደዚሁ ናችሁ፣ እሱም ቦታ ይወስዳል። እኔ በበጋ 28 ያለ ፓራፋንጎ፣ በክረምት 25 ከፓራፋንጎ ጋር ነው የምነዳው። ጀርባዬ ላይ ቀይ መስመር ይዤ ስራ ቦታ መግባት ሰልችቶኝ ነው።

ፍሬኑን መቀየር አለብኝ?

አብዛኛውን ጊዜ የለባችሁም። ግን ለኩት። ፍሬኑ ከፍሬሙ ጋር ከታሰረበት ብሎን መሃል ጀምራችሁ ቀጥ ብላችሁ እስከ ፍሬን ጎማው መሃል ለኩ። ከ39 እስከ 49 ሚሊሜትር የሚደርስ ከሆነ አጭር ክንድ ነው፣ 25 ያስገባል፣ እድለኛ ከሆናችሁ 28። ከ47 እስከ 57 የሚደርስ ከሆነ መካከለኛ ነው፣ 28 ያለ ችግር ይገባል፣ ፍሬሙ ከፈቀደ 32ም ይሞከራል።

27 ኢንች ቸርኬ የነበረው ብስክሌት ላይ 700 ቸርኬ መግጠም ብልህነት ነው፣ ምክንያቱም የጎማ ምርጫችሁ ይሰፋል፣ 4 ሚሊሜትር ከፍታም ታተርፋላችሁ። የፍሬን ጎማዎቹ ግን ያንኑ 4 ሚሊሜትር ወደ ታች መውረድ አለባቸው። ክንዱ ላይ ያለው ክፍተት ከተረፈ ፈታ አድርጋችሁ ታወርዱታላችሁ። ካልተረፈ ረጅም ክንድ ያለው ፍሬን መፈለግ ነው።

ክፍተቱን በሞረድ ማስፋትስ? የሚሉ አሉ። አይሆንም። ቁልቁለት ላይ የሚይዛችሁ እሱ ብቻ ነው። ፍሬሙን በመዶሻ ሰርጎድ ማድረግስ? እሱንም የሰማሁት እዚሁ ነው። እባካችሁ።

ቸርኬዬ ጠባብ ነው፣ ሰፊ ጎማ ይችላል?

የቸርኬውን ውስጥ ለውስጥ ወርድ ለኩ። 13 ሚሊሜትር ከሆነ 25 ላይ ቁሙ። 15 ከሆነ እስከ 32 ይሄዳል። 17 ከሆነ በእናንተ ፍሬም ውስጥ የሚገባ ጎማ ሁሉ ይሆናችኋል። ጠባብ ቸርኬ ላይ በጣም ሰፊ ጎማ ስትገጥሙ ኩርባ ላይ ጎማው ወዲያ ወዲህ ይላል፣ ሆዱ ትልቅ እግሩ ቀጭን እንደሆነ ሰው።

የ27 ኢንች አሮጌ ቸርኬ ካላችሁ ውስጠኛውን ጠርዝ በጣታችሁ ዳብሱ። ጎማውን የሚይዝ ከንፈር ከሌለው፣ ልሙጥ ከሆነ፣ ከፍተኛ ንፋስ አይወድም፣ ጎማውን ሊተፋው ይችላል። ለዚህኛው ሰፊ ጎማና ዝቅተኛ ንፋስ ምርጫ ሳይሆን ግዴታ ነው።

ጎማችሁ ቸርኬው ላይ በማጣበቂያ የተለጠፈ ከሆነ ደግሞ ያ ቱቦላሬ ነው። ተራ ጎማ አይቀበልም። ቸርኬውን መቀየር አለባችሁ።

የውስጥ ጎማውም ይቀየራል?

ከ23 ወደ 25 ከሆነ ያው ይሰራል። ወደ 28 ስትሄዱ እየተለጠጠ ይሳሳል፣ ይሄዳል ግን። ለ32 በልኩ ግዙ።

የንፋስ መግቢያውን አትርሱ። ኮርሳ ላይ ያለው ቀጭኑ ነው፣ ጫፉ ላይ የምትፈታ ትንሽ ብሎን ያለችው። የቸርኬው ቀዳዳ 6.5 ሚሊሜትር ነው። የመኪናና የማውንቴን ብስክሌት አይነቱ 8.5 ይፈልጋል። «በድሪል እናስፋው» ይሏችኋል። ጠባብ ቸርኬ ላይ ያ ድካም ነው፣ ቸርኬውን ያሳሳዋል። ይልቅ ከናስ የተሰራች፣ የጥፍር ታህል መቀየሪያ አለች፣ በቀጭኑ ላይ ስትጠመዝዟት የጎሚስታው ፓምፕ ይገባበታል። ሁለት ግዙ፣ አንዷ መጥፋቷ አይቀርም።

ስንት ልንፋው?

70 ኪሎ አካባቢ ለሆነ ሰው፣ 25 ከሆነ ኋላውን ከ85 እስከ 95 ፒኤስአይ፣ 28 ከሆነ ከ70 እስከ 80፣ 32 ከሆነ ከ55 እስከ 65። ፊቱን ትንሽ ቀንሱለት፣ ክብደቱ የሚያርፈው ኋላ ላይ ስለሆነ። ከዚህ ጀምሩና በሳምንት ትንሽ ትንሽ እየቀነሳችሁ ሞክሩ። ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ አትለፉ። ሰፊ ጎማ ገዝቶ እንደ ድሮው 100 የሚነፋ ሰው አይቻለሁ። ለምን እንደገዛው አላውቅም።

ጎሚስታ ጋ የምትነፉ ከሆነ ተጠንቀቁ። የመኪና ኮምፕሬሰር ለብስክሌት ጎማ በጣም ኃይለኛ ነው፣ ጎማዋ ትንሽ ስለሆነች በአይን ጥቅሻ ትሞላለች። አንዱን ጎሚስታ «ጋሼ፣ ቀስ ብለው፣ 75 ብቻ» ብለው «ልጄ፣ ሲኖትራክ የምነፋ ሰው ነኝ፣ ይቺ ታቅተኛለች?» አለኝና ፍስስ። አንዴ። ሲለኩት 110። እየሳቀ አስተነፈሰልኝ፣ ሂሳብም አልተቀበለኝም። ያን ቀን የእጅ ፓምፕ ገዛሁ፣ መለኪያ ያለውን።

ፊትና ኋላ የተለያየ ወርድ መግጠም ነውር ነው?

ማን ያያል? ሹካው ብዙ ጊዜ ከኋላው ይልቅ ሰፊ ነው። ፊት 28፣ ኋላ 25 ግጠሙና ንዱ። እጃችሁን የሚያሳርፈው የፊቱ ነው።

የማውንቴን ቸርኬ ብገጥምስ? ጎማው በየሱቁ አለ

26 ኢንቹ 559 ነው። ከ622 ጋር ሲነጻጸር ከመሃል እስከ ዳር 31.5 ሚሊሜትር ያንሳል፣ ፍሬናችሁ አይደርስበትም። ፔዳሉም ወደ መሬት ይወርድና ኩርባ ላይ አስፋልቱን ይልሳል፣ ሰፊው ጎማ ትንሹን ብቻ ነው የሚመልስላችሁ። የኋላው ሞዞም (የቸርኬው እምብርት) ወርዱ 135 ሚሊሜትር ነው፣ የእናንተ ፍሬም ወይ 120፣ ወይ 126፣ ወይ 130። በሶስት በኩል እምቢ ያለ ነገር ነው። ማውንቴን ካማራችሁ ማውንቴን ግዙ።

ከገጠምኩት በኋላ ምን ልፈትሽ?

ብስክሌቱን ገልብጣችሁ ጎማውን በእጅ አሽከርክሩት። ቢወዛወዝ ሽቦዎቹ ይስተካከሉ፣ ምክንያቱም የሚወዛወዝ ቸርኬ ያንን 4 ሚሊሜትር ከአንድ ጎን ሙሉ በሙሉ ይበላዋል። የፍሬን ጎማው ቸርኬውን እንጂ ጎማውን እንዳይነካ በቅርብ እዩ፣ ከነካ በጥቂት ቀን ጎኑን በልቶ ይበሳዋል። ጎማው ተነፍቶ እያለ በፍሬን ጎማዎቹ መካከል ሊወጣ አይችልም፤ ፍሬኑ ላይ ያለችውን ትንሽ ማላቀቂያ ክፈቱ። ከሌለው ማስተንፈስ ነው። ማላቀቂያዋን መልሳችሁ መዝጋት አትርሱ። እኔ ረስቼ ወጥቻለሁ፣ ፍሬን ስይዝ ማንሻው መሪው ድረስ መጣ።

የኪሎ ሜትር መቁጠሪያ ካላችሁ የጎማውን ዙሪያ ከ2096 ወደ 2136 ሚሊሜትር አስተካክሉት፣ 28 ጎማ አንዴ ሲዞር ከ23ቱ 4 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል።

ከዚያ ከአባ ጅፋር ቤተ መንግስት፣ ከጅሬን፣ ወደ ከተማ የሚወርደውን ቁልቁለት ውረዱ። መጀመሪያ ቀስ ብላችሁ፣ ፍሬን እየያዛችሁ። ስትደርሱ ቁሙና እጃችሁን በሹካው ውስጠኛ ጎንና በኋላው ድልድይ ብረት ስር አስገብታችሁ ዳብሱ። ጣታችሁ ጥቁር የጎማ ዱቄት ይዞ ከወጣ የሆነ ቦታ እየነካ ነው፣ ወርዱን አንድ ደረጃ ቀንሱ። ቀይ አቧራ ብቻ ከሆነ ይነዳል።